የጋሽ ሽብሩ ኪሎሜትር

ጋሽ ሽብሩ ማረፋቸውን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዬ ነው፤ ያውም ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረገ። «ያ መኪና ይለኩ የነበሩት ሽማግሌ ሞቱ አሉ። ልጃቸው ዘንድ ሄደው፣ ሩቅ አገር» አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ካፌ ያመለጠው «ሩቅ ማለት ስንት ኪሎሜትር?» የሚል ሆነ። ሰውዬው ምላጩን አንስቶ በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተኝ። ይኼም ሽማግሌ ጃጀ ብሎኝ ይሆናል። ጃጅቻለሁ፣ አልክድም፤ ይህኛው በሽታ ግን የያዘኝ ከእርጅና ሳይሆን ከሟቹ ነው።

ጋሽ ሽብሩ ፊት «ሩቅ»፣ «ፈጣን»፣ «ከባድ» ብሎ ተናግሮ ሳይዋረድ ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ እሳቸው የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። ደርበው ደግሞ አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ ወሬ ይልካሉ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ስልከኛ ነበርኩ። እሳቸው የጻፉትን ወረቀት በመስኮቴ ያቀብሉኛል፤ እኔ መስመር ሲገኝ ለአዲስ አበባው ጸሐፊ እየጮህኩ አነብለታለሁ፤ እሱ ይጽፋል፤ ከሳምንት በኋላ ጋዜጣው በአውቶቡስ ተጭኖ ጎባ ይደርሳል። ድምፄ እስከ ዛሬ ሻካራ ነው። ባለቤቴ ከመጠጥ ነው ትላለች። እኔ ከኪሎሜትር ነው እላታለሁ።

ያኔ ጎባ የገባ መኪና ሁሉ ወሬ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበረው ዘጋቢ «እጅግ አስደናቂ የሆነ ታላቅ መኪና እንደ ጥይት እየተወነጨፈ ከተማችን ገባ» ብሎ ልኮ ታትሞለታል። ጋሽ ሽብሩ ገበያ መሀል አስቁመው፣

«ጥይት ሲሄድ አይተሃል?» አሉት።

«ኧረ አላየሁም።»

«መኪናውንስ?»

«እሱን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያየኸውን ትተህ ያላየኸውን ምን አስጻፈህ?»

ሰውዬው በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ፣ ጋሽ ሽብሩ ተኩት። ከዚያ ወዲያ አዲስ መኪና ጎባ ገብቶ ሲቆም፣ ሹፌሩ ገና እግሩን መሬት ሳያሳርፍ፣ ጋሽ ሽብሩ የብረት ሜትራቸውን ዘርግተው ከፊተኛው ፓራፋንጎ እስከ ኋላው ይለካሉ። ለመቶ ኪሎሜትር ስንት እንደሚጠጣ ይጠይቃሉ። ሹፌሩ «አምስት ጋሎን» ካለ «ጋሎን የእንግሊዝ ነው፤ የኛ አንባቢ የሚያውቀው ሊትር ነው» ብለው ይገስጹታል። አንባቢያችን ሊትርም አያውቅ ነበር። የሚያውቀው ጣሳ ነው። ቢሆንም ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

አንድ ጊዜ የአዲስ አበባው ጸሐፊ መኪናው የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ይጨመር ብሎ ጠየቀ። መልሱን በኔ አፍ አስጮሁኝ። «በባሌ አይሆንም በለው! ፈረስ ለሚያውቅ ሰው በፈረስ አይዋሽም። ሰባ ፈረስ ብዬ ብጽፍ የዲንሾ ሰው ‹ገብሱን ማን ችሎት› ብሎ ሲስቅብኝ ይኖራል በለው!»

ጨካኝ ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና ተራራው ላይ ገደል ገብቶ ሹፌሩ ሞተ። ለቅሶ ቤት ተሰብስበን፣ ሰው ሁሉ «መጨረሻ የሌለው ገደል! ወይኔ፣ መጨረሻ የሌለው!» እያለ ሲያለቅስ፣ ጋሽ ሽብሩ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ «አርባ አንድ ሜትር ነው። ጠዋት ገመድ አውርጄ ለክቼዋለሁ» አሉ። የሟቹ ሚስት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባቸው፤ ደረታቸው ላይ አረፈ። ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «ወርውሪ፣ ልክ ነሽ» አሏት። «ግን መጨረሻ የለውም ከተባለ ግንብ የሚሠራለት የለም። አርባ አንድ ሜትር ነው ከተባለ ምናልባት ይሠራለታል።» ጋዜጣው ላይ አርባ አንድ ሜትር ተብሎ ወጣ። ግንቡም አልተሠራም።

እኔንም ለክተውኛል። ስልክ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቢሮውን ሞልቶት ሳለ፣ ስለ አንድ አውቶቡስ ሳወራ «ከኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል» አልኩ። እሺ ብለው ግድግዳው ላይ አስጠጉኝ። «ተረከዝህን አታንሳ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፣ ከነጫማው» አሉና አውቶቡሱን ሊለኩ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎባም በሮቤም ስሜ «አንድ ከሃምሳ ስምንት» ሆነ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚጠራኝ የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አንዳንዴ ይሳሳታሉ።

ይህ የልክ አባዜ ከየት እንደመጣባቸው አንድ ቀን ብቻ ነገሩኝ። ጸሐፊ ከመሆናቸው በፊት ከቀላድ ጣዮች ጋር ነበሩ፤ መሬት በጠፍር ገመድ ከሚለኩት ጋር። «ለጌታ ስንለካ ጠፍሩን ውሃ እንነክረዋለን፣ ይለጠጣል» አሉኝ። «ለደሃ ስንለካ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ይኮማተራል። ጌታው ከተሰጠው በላይ ይዞ ይሄዳል፣ ደሃው የአባቱ ማሳ ከየት በኩል እንደጠበበ ሳይገባው ይቀራል። ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ውሃውን የምቀዳውም እኔ።» ከዚያ የብረት ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ይኼ አይለጠጥም» ብለው ወጡ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ልዝለለው ብል ደግሞ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ የልጅ ልጃቸው ጥርሴን የሚያክመኝ ሐኪም ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጣ አዲስ መኪና ገዙ። ሹፌራቸው ደምሴ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዶሮ ሲያይ ጥሩንባ የሚነፋ። በአንድ የገበያ ቀን ሮቤ መግቢያ ላይ «30» የሚለውን ሰሌዳ አየ። እንደታዘዘው የፍጥነት መለኪያው ሠላሳ ላይ እስኪወርድ ቀነሰና ገባ። ሰሌዳው የሚለው በኪሎሜትር፣ የእንግሊዝ መኪና መለኪያው የሚቆጥረው ግን በማይል እንደሆነ፣ አንዱ ማይልም ከአንድ ኪሎሜትር ተኩል እንደሚበልጥ የነገረው ሰው አልነበረም። ሁሴን የሚባል ገበሬ ገብስ የጫነ ፈረሱን እየጎተተ መንገዱን ሲያቋርጥ ደምሴ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ግን ከያዘው ፍጥነት የተነሣ በቶሎ አልቆመም። ፈረሱ እዚያው ሞተ። የሁሴን ቀኝ እግር ሆስፒታል ገብቶ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሁሴን የፊታውራሪው ጭሰኛ ነበር። ፊታውራሪው «ፈረሱን መንገድ ላይ የለቀቀው እሱ ነው። ደግሞስ በአንድ እግሩ ምን ሊያርስልኝ ነው? መሬቴን ይልቀቅ» አሉ። ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው አጭር ቃል ተናገሩ፦ መኪናው ሰሌዳው ከሚለው በላይ ፈጥኖ ከነበረ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ ፊታውራሪው ሁሴንን ከነልጆቹ ከመሬቱ ሳይነቅሉ ያኖሩታል። ካልፈጠነ ግን ጥፋቱ የሁሴን ነው፤ ይልቀቅ። ውሳኔው ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ።

ደምሴ አለቀሰ። «በልጆቼ! ሠላሳ ላይ ነበርኩ! ዓይኔን አልነቀልኩም!» ሁሉም አመነው፤ እውነቱን ነበርና።

ያላመኑት ጋሽ ሽብሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ያላመኑት መኪናውን እንጂ ደምሴን አይደለም። ተራራው ላይ የዱር አውሬ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ተመሳሳይ መኪና ነበረው። ለምነው አመጡት። እኔን ሰዓት አስይዘው ከኋላ ወረወሩኝ። ከጎባ ወደ ሮቤ መንገዱ ዳር የኪሎሜትር ድንጋዮች ተተክለዋል። ፈረንጁ ልክ እንደ ደምሴ መለኪያውን ሠላሳ ላይ ያዘ።

«ጀምር!» አሉኝ አንዱን ድንጋይ ስናልፍ። የሚቀጥለው ጋ ስንደርስ «አቁም! ስንት?»

«ሰባ አምስት ሰከንድ።»

ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ሰባ አምስት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ አምስት።

«በሰዓት ሠላሳ ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎሜትር በስንት ይጨርሰዋል?»

«በሁለት ደቂቃ።»

«ይኼኛው በሰባ አምስት ሰከንድ ጨረሰ። ስለዚህ?»

ጣቴን ቆጠርኩ። «አርባ ስምንት።»

«አርባ ስምንት ምን? እንቁላል?»

«አርባ ስምንት ኪሎሜትር በሰዓት።»

ወሬውን በማግስቱ ጽፈው በመስኮቴ አቀበሉኝ፦ አደጋውን ያደረሰው መኪና በሰዓት አርባ ስምንት ኪሎሜትር ይጓዝ ነበር፤ መለኪያው ሠላሳ ያሳየው በማይል ስለሚቆጥር ነው። «ኪሎሜትር» የሚለውን ቃል ከሥሩ በቀይ አስምረውበታል። «አንተ ድንክ» አሉኝ፣ «ወሬዬን ስታነብ ኪሎሜትር የምትለዋን ትውጣታለህ፣ እንደማላውቅ አይምሰልህ። ዛሬ ብትውጣት አንቄ አስተፋሃለሁ።» እውነታቸውን ነው፤ እሳቸውን ለማናደድ ስል እውጣት ነበር።

መስመሩ እስኪገኝ ስጠብቅ የፊታውራሪው መኪና ደጃፌ ቆመ። ፊታውራሪው ራሳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ስልከኛው አንተ ነህ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ና ግባ። ከደምሴ አጠገብ ተቀመጥ። ሮቤ ደርሰን እንመለስ።»

በዕድሜዬ የመኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሮቤ ገበያው መሀል ስናልፍ ደምሴ ጥሩንባውን ነፋ፣ ሰው ለሁለት ተከፈለ። «አንድ ከሃምሳ ስምንት» እያሉ የሚጠሩኝ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። አንዱ እንዲያውም ባርኔጣውን አነሳልኝ። ለፊታውራሪው ይሆናል፤ እኔ ግን ለኔ ብዬ ተቀበልኩት።

«አጭር ይሉሃል አሉ» አሉኝ ከኋላ።

«ይሉኛል ጌታዬ።»

«ሲቀመጡ ሁሉም እኩል ነው።» ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ስንመለስ፣ «ደምሴ፣ ያን ዕለት ስንት ላይ ነበርክ?» አሉ።

«ሠላሳ ላይ ጌታዬ። በልጆቼ።»

«ሰማህ ስልከኛው? ሠላሳ ማለት ሠላሳ ነው።»

በቃ፣ ይህ ብቻ ነው። ከሥራህ አስነቅልሃለሁ አላሉኝም። እንካ አላሉኝም። ቢያስፈራሩኝ ኖሮ ዛሬ ፈርቼ ነው እል ነበር። ይሁዳ ሠላሳውን በብር ተቀብሏል፤ እኔ በማይል ተቀበልኩ።

ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተገኘ። «... በሰዓት ሠላሳ ኪሎሜትር ይጓዝ ነበር» ብዬ አነበብኩ። ስለ ማይል የተጻፈውን ዘለልኩት። ኪሎሜትር የምትለዋን ግን አልዋጥኳትም፤ ጥርት አድርጌ ጮህኩባት። ታዝዤ የለ? ወረቀቱን ቀድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት።

በቀጠሮው ቀን ሁሴን በሁለት ምርኩዝ ቆሞ፣ ዳኛው በአማርኛ የሚሉትን አስተርጓሚው በኦሮምኛ ሲነግረው ያዳምጥ ነበር። ፈረንጁ ተራራ ወጥቶ አልተመለሰም። ጋሽ ሽብሩ ቀርበው ድንጋዩን፣ ሰዓቱን፣ ሰባ አምስቱን ሰከንድ አስረዱ። «አርባ ስምንት ኪሎሜትር በሰዓት» ብለው ጨረሱ። ዳኛው ጋዜጣውን ከፊታቸው አነሱ።

«ይህ ስም የማን ነው አቶ ሽብሩ?»

«የኔ ነው።»

«ወሬው ምን ይላል?»

ጋሽ ሽብሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ጋዜጣው በዚያው ጠዋት ነበር የደረሰው፤ አላዩትም። ፊታቸው ሲለዋወጥ ባየሁ እሸሽ ነበር፤ አልተለወጠም።

«ሠላሳ ኪሎሜትር ይላል» አሉ።

«‹ወሬ በአፍ ይረዝማል፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ልኩን ይይዛል› የሚሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? አሁን አፍዎን እንመን ወይስ ጋዜጣዎን?»

ችሎቱ ሳቀ። ጋሽ ሽብሩ የሰዉ ሳቅ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ስልከኛው ይጠየቅልኝ» አሉ። «ሰዓቱን ይዞ አብሮኝ ነበር። ወሬውንም ያነበበው እሱ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቁጥር ግን ስቶ አያውቅም።»

በዚያች ቀን እንዲህ ያለ ነገር ስለኔ ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ተጠርቼ ቀረብኩ፣ ማልሁ።

«ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

«ያነበብኩት የተጻፈውን ነው ጌታዬ።»

«ወረቀቱስ?»

«ከተነበበ በኋላ አናስቀምጥም።»

«ሰከንዱ ስንት ነበር?»

«መኪናው ያንቀጠቅጥ ነበር። ሰባ አምስት ይሁን መቶ ሃያ በደንብ አልታየኝም።»

ዳኛው ወደ ሁሴን ዞሩ። የምትለው አለ ወይ ተባለ። ሁሴን ለአስተርጓሚው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፊታውራሪው፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ጌታ፣ ቁጥሩን እኔ አላውቅም። የሄደ እግር ሄደ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ልጆች አሉኝ፣ እነሱ ያርሳሉ። መሬቱን ብቻ ተውልኝ» አለ። ፊታውራሪው ሰዓታቸውን አዩ። ይልቀቅ ተብሎ ተፈረደ። ፊታውራሪው ግን በአደጋው የተሰበረውን የመኪናቸውን መብራት ካሳ ማሩት። ለሱም እጅ ንሣ ተባለ፤ በምርኩዙ ተደግፎ ጎንበስ ሲል አንዱ ምርኩዝ ወደቀበት። ያነሳለት ደምሴ ነው።

ከወር በኋላ ሁሴን ከነልጆቹ ወደ ሚስቱ ወንድም፣ ወደ ጎሮ ተሰደደ። ጋሽ ሽብሩ ለጋዜጣው ማስተባበያ ላኩ፤ በኔ መስኮት ሳይሆን በፖስታ። የራሱን ወሬ የሚያስተባብል ዘጋቢ አንፈልግም ተብለው ተሰናበቱ። አዲሱ ዘጋቢ የመጀመሪያ ወሬውን ሲያቀብለኝ «እንደ ንስር የሚበር መኪና» የሚል ነበረበት። ሳልሳሳት አነበብኩለት።

ጋሽ ሽብሩ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልሰደቡኝም። ያ ነው የገደለኝ። አንተ ድንክ፣ አንተ ከንቱ ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን አንስተው «እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደኅና ናቸው?» ይሉኝ ጀመር። እርስዎ ሆንኩ። ልጃቸው ሊሆን በሚችል ስልከኛ ፊት ጎንበስ ሲሉ ያየ ሁሉ እንዴት ቢያከብሩት ነው ይል ነበር።

እንዲህ ብዙ ዓመት ኖርን። በአንድ የዐቢይ ጾም፣ የንስሐ አባቴ የበደልከውን ሳትታረቅ አትቁረብ ቢሉኝ፣ ጋሽ ሽብሩ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። ጠቅላላውን ነገርኳቸው፤ መኪናውንም፣ ባርኔጣውንም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ይነሡ እንጂ» አሉ። «ልብስዎ ይቆሽሻል። እኔ የተቆረጠ እግር የለኝም፤ ይቅርታው የሁሴን ነው። ጎሮ ነው ያለው።»

«ነገውኑ እሄዳለሁ ጋሼ።»

«ከሮቤ ስልሳ ኪሎሜትር ነው። እኔ በየዓመቱ በእግሬ ነው የምሄደው። እርስዎም በእግርዎ ይሂዱ። በመኪና የሄዱትን አይተነዋል።»

በማግስቱ ማለዳ ዳቦና ውሃ ይዤ ከሮቤ ተነሣሁ። መጀመሪያ እየዘመርኩ ነበር። ቀጥሎ ጫማዬ ተረከዜን በላኝ። ከዚያ የባሌ ዝናብ፣ ያ በረዶ የተቀላቀለበት፣ ከፊት ለፊቴ መጣ። ሁሴን ምን እንደሚለኝ አሰብኩ፤ ምንም ባይለኝስ ብዬም አሰብኩ። አንድ ገብስ የጫነ መኪና ከጎሮ በኩል ወደ ሮቤ ሲመለስ እጄን አነሳሁ። ሹፌሩ «ፊት ወንበር ባዶ ነው፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ።

ጋሽ ሽብሩን በሳምንቱ ጎባ ገበያ አገኘኋቸው። ኮፍያቸውን አነሱ።

«ደረሱ?»

«ዝናቡ መለሰኝ ጋሼ። ግን ሰባት ኪሎሜትር ሄጄ ነበር።»

አራት ነበር።